በመድረክ ላይ የዋለው መግነዝ

ስሙን አልጽፈውም። ብጽፈው ማስታወቂያ ይሆንለታል፤ ሰውየው ከስድብ ውስጥ እንኳ የሚጠቅመውን ለቅሞ መውሰድ ያውቅበታል። በየስልካችሁ ታዩታላችሁ። ነጭ በነጭ ለብሶ፣ መቁጠሪያ እጁ ላይ ጠምጥሞ፣ ከአንድ ሽማግሌ ሸማኔ ጎን ተንበርክኮ ፎቶ የሚነሣው ዝነኛ የልብስ ዲዛይነር እሱ ነው። ከፎቶው ሥር «ክብር ለእጆቻችሁ» ይላል። እዚህ ዲዛይነሩ እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ያወቀው ያውቀዋል።

እኔ ማንጠግቦሽ እባላለሁ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከገበያው ወደ ላይ በሚወስደው መንገድ ሁለት የስፌት መኪናና አንድ የጥልፍ መኪና የያዘች ጠባብ ሱቅ አለችኝ። የሙሽራና የሚዜ ልብስ፣ የክርስትና ቀሚስ፣ ልጆቻቸው ሲመረቁ እናቶች የሚለብሱትን ሁሉ እሠራለሁ። ይህ ነገር የሆነው የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። ያኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ምላሴ ያኔም ስለታም ነበረች፣ ማስተዋል ግን ገና አልፈጠረልኝም ነበር። ይህን ሰው አመልከው ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የመጀመሪያ ሥራዎቹ ግሩም ነበሩ፤ ይህን ዛሬም አልክድም። አንዲት የአገር ባህል ቀሚስ ነበረችው። ከትከሻ እስከ እጅጌ ስፌት የላትም፣ ጥበቧ የእጅ አንጓ ላይ ብቻ ጣት ታህል ታልፋለች፣ ሌላው ሁሉ ባዶ ጥጥ ነው። የለበሰችውን ሴት ታሳያለች እንጂ እኔን እዩኝ አትልም። ከስልኬ ላይ እያየሁ፣ ጋዜጣ እየቆረጥኩ ልኳን ለማግኘት አንድ ወር ፈጀሁ። አግኝቼም ጓደኛዬ ለሠርጓ መልስ እንድትለብሳት ሰፋሁላትና ሰው ሁሉ ከየት አመጣሽው አላት። ያኔ ነው የተያዝኩት።

ዝናው ሲገን ሥራው ቆሸሸ። መጀመሪያ የገበሬ ቁምጣ ብሎ አንድ ስብስብ አወጣ። አዲስ ጨርቅ ሆን ብሎ ቀዳድዶ፣ ጭቃ በሚመስል ቀለም ነክሮ፣ ጥፍ በጥፍ አድርጎ፣ ዘንካታ ልጆች አልብሶ ቀንበር አሸክሞ አስኬዳቸው። እኛ ጋ ሰው ቁምጣውን የሚጥፈው ሌላ ስለሌለው ነው፤ ጥፎም ቢሆን ገበያ ሲወጣ አጥቦ ነው የሚለብሰው። እጥበቱን ዲዛይነሩ አላየውም፣ ያየው ቀዳዳውን ብቻ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሙሽሮችን ነጠላ አዘቅዝቆ አስወጣ። ነጠላ ማዘቅዘቅ የሐዘንተኛ ነው፤ ጥበቡ ወደ አንገት ይመጣል፣ ያየሽ ሁሉ ማን ሞተብሽ ይልሻል። አያውቅም እንዳይባል፣ አያቶቼ የደጀን ሰዎች ናቸው እያለ በየቃለ መጠይቁ ይምላል። ያውቃል፤ ነውር መሆኑን ስለሚያውቅ ነው የመረጠው፣ ነውር ሰው ይሰበስባልና።

ያኔ አንዲት ሴት ከፎቶው ሥር ይኼ ለሙሽራ ነውር ነው ብላ ጻፈች። እኔ ምን ብዬ እንደመለስኩላት ልንገራችሁ፤ ጥበብ የማይገባው ሰው ዝም ቢል ምናለ አልኳት። ሴትዮዋን አላውቃትም። ይህን ካነበበች ይቅርታ እጠይቃታለሁ።

ወደ ነገሩ ልግባ። አንድ ቀን የአክስቴን ነጠላ ፎቶ አንሥቼ ለጠፍኩ። አክስቴ እትዬ ጥሩወርቅ የእናቴ ታላቅ ናቸው፤ እናቴ ልጅ ሳለሁ ስለሞተች ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ከደምበጫ ወጣ ብሎ በእግር አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ላይ ይኖሩ ነበር። ልጅ አልወለዱም፣ ባላቸውም ከሞቱ ቆይተዋል። በፈትል እሳቸውን የሚያህል በአካባቢው አልነበረም። ክራቸው ከመቅጠኑ የተነሣ ሸማኔው የእርስዎን ድር ስዘረጋ መተንፈስ እፈራለሁ ይላቸው ነበር።

ዲዛይነሩ ፎቶውን አይቶ ራሱ ጻፈልኝ። ለአዲሱ ስብስቡ የእናቶችን የእጅ ሥራ እየፈለገ መሆኑን፣ ቅዳሜ መጥቶ አክስቴን ማየት እንደሚፈልግ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ ሆቴል አዳራሽ ለተጋበዙ ሰዎች ትርዒት እንደሚያሳይ ነገረኝ። መጨረሻ ላይ ጥልፌን እንደወደደው፣ አዲስ አበባ መጥቼ ከእሱ ጋር ብሠራ ስሜ ልብሱ ላይ እንደሚጻፍ ጨመረበት። ሌላውን ሁሉ ረሳሁትና ይቺን ዓረፍተ ነገር ቀኑን ሙሉ እየደጋገምኩ ሳነባት ዋልኩ።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ከአንድ ፎቶ አንሺና ሊዲያ ከምትባል፣ ስልኳን ከጆሮዋ ከማታወርድ ረዳቱ ጋር መጣ። ደምበጫ ደርሰን የመኪናው መንገድ ሲያልቅ በእግር ቀጠልን። መንገዱ በገበያተኛና በፈረስ ተሞልቷል። ዲዛይነሩ የሚያልፈውን ሰው ሳያስፈቅድ እያስቆመ ጋቢውን ይዳስስ ነበር። አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ከእጁ ቀስ ብለው አስለቀቁና ትገዛለህ ወይስ ታውቀኛለህ አሉት። እኔ በሽማግሌው አፈርኩ። በማን ማፈር እንደነበረብኝ እንኳ አላወቅሁም።

እትዬ ከፋሲካ ወዲህ ልባቸው እየደከመ ነበር። ሆስፒታል ወስጃቸው ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ እንድዘጋጅ ነግሮኛል። እሳቸው ሳይነገራቸው ያውቁት ነበር። ክረምቱን አላየውም ይሉ ነበር፣ ጎረቤት ደርሼ ልምጣ እንደሚል ሰው ያለ ፍርሃት። የዓይናቸው ብርሃንም ከደከመ ቆይቷል፤ የሚያዩት በጣታቸው ነበር። ዲዛይነሩ እንደገባ እግራቸው ላይ ወድቆ ሳመ። ፎቶ አንሺው በሩ ላይ ጫማውን ሲያራግፍ ስላመለጠው፣ ተነሥቶ ደግሞ ሳመ።

ሣጥናቸውን ከፈትንለት። ነጠላውን፣ ቀሚሱን፣ ኩታውን ሁሉ እያነሣ አየና ሌላስ፣ ሌላስ ይላል። በመጨረሻ ከታች በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ያስ ምንድነው አለ። እትዬ እጃቸውን ጥቅሉ ላይ አደረጉ። እኔ ጆሮው ላይ ጠጋ ብዬ መግነዛቸው ነው አልኩት።

እኛ ጋ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ሲሞቱ የሚገነዙበትን ጨርቅ በሕይወት ሳሉ ያዘጋጃሉ። እትዬ የራሳቸውን መግነዝ የፈተሉት ዓይናቸው ሳይደክም ነው፤ የሰውን ፈትል ከጨረሱ በኋላ በተረፋቸው ሰዓት ስለሆነ ሁለት ዓመት ወሰደባቸው። ሸማኔው ጫፉ ላይ ትንሽ ጥበብ ላስገባበት ቢላቸው ወደ ጌታዬ ተሽሞንሙኜ አልሄድም ብለው ነጩን ብቻ አሠሩት። ጫፉ ላይ በሰማያዊ ክር አንዲት ትንሽ መስቀል አደረጉበት፣ ጠበል አስነክተው አጠፉት፣ በየዓመቱ አንድ ቀን እያወጡ ፀሐይ ያሞቁት ነበር።

መግነዝ የሚለውን ቃል ሲሰማ የሰውየው ፊት በራ። ምራቁን ሲውጥ አየሁት። ይህን ካላሳየሁ ስብስቤ ባዶ ነው፣ ለአንድ ቀን ብቻ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ፎቶ ላንሣው አለኝ። እትዬ በፍጹም አሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ የሠራሁት እኔ ነኝ። ነገ እጄ ላይ ይመለሳል፣ ሰኞ ጠዋት ራሴ አመጣልዎታለሁ፣ ሥራዎን ዓለም ያየዋል እያልኩ ጉልበታቸውን ይዤ ለመንኳቸው። ዓለም ቢያየው ባያየው ለእሳቸው ምናቸውም አልነበረም። እኔን እንቢ ማለት አያውቁበትም፣ እኔም ይህን አውቅ ነበር።

«አንች ካልሽ ውሰጅው» አሉ። «ግን ስሚኝ ልጀ። መቀስ አይንካው። በሕይወት ያለ ሰው ገላ አይንካው። ሰኞ ሳይመሽ እቤቴ ይግባልኝ፣ ቀኔን አላውቀውምና።»

ዲዛይነሩ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቀዋለሁ እናታችን አለ። ስንወጣ እትዬ ሣጥኑን አልዘጉትም። ክዳኑን በእጃቸው ይዘው ተቀምጠው ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ለሊዲያ ደወልኩ፤ እስከ ስድስት ሰዓት ትሰጭኛለሽ ተባብለን ነበር። አላነሣችም። ሰባት ሰዓት ላይ አነሣችና ገና ፎቶ ላይ ነን አለች። ስምንት ሰዓት ላይ ስደውል ደግሞ ትርዒቱ ሲያልቅ ትወስጂዋለሽ፣ መጥተሽ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጭ አለችኝ። ነገሩ አላማረኝም። እንዲህም ሆኖ ደህና ቀሚሴን ለብሼ ሄድኩ።

ቀድሜ ስለደረስኩ ልብሶቹ ወደ ተሰቀሉበት ክፍል ገባሁ። ጨርቅ የማውቀው በጣቴ ነው። የመጀመሪያውን ቀሚስ ስነካው ከእጄ ላይ ተንሸራተተ። ጥበብ የመሰለኝ ጥበብ አልነበረም፤ የታተመ ቀለም ነው፣ ከኋላው ስገለብጠው ነጭ ሆኖ አገኘሁት። አንገቱ ላይ ያለችው ወረቀት ግን «በእናቶቻችን እጅ የተፈተለ፣ በአባቶቻችን እጅ የተሸመነ» ትላለች። ሁለተኛውን ነካሁ፣ ሦስተኛውን ነካሁ። ያው ነው። ሸማኔ ጎን የሚንበረከከው ሰውዬ አንድ ሜትር እንኳ አላሸመነም። ልክ ምግብ ውስጥ ፀጉር ያገኘ ሰው እንደሚያደርገው እጄን ቀሚሴ ላይ ጠረግሁ። የእትዬን ጨርቅ ብፈልግ ብፈልግ እዚያ የለም። አንዱ አስተናጋጅ መጥቶ አስወጣኝ።

አዳራሹ ሞላ። የቢሮ ኃላፊዎች፣ አስተማሪዎች፣ የሠርግ ዲኮር የሚሠሩ ልጆች፣ ጥቂት ነጋዴዎች ከነሚስቶቻቸው ተጠርተዋል። መብራቱ ጠፋና በገና ተከፈተ። በገና ለጾምና ለጸሎት ነው፤ እሱ ግን ከሥሩ የጭፈራ ቤት ምት አስገብቶበታል። ቁምጣዎቹ መጡ፣ ዘንድሮ ጭቃው ፊታቸው ላይም ተቀብቷል። አንዱ ልጅ ጀርባው ላይ የተቀደደ ማዳበሪያ ደርቧል። ማዳበሪያ የሚደርብ ሰው አውቃለሁ፤ ዝናብ የሚደበድበው ዘበኛ ነው። ጭብጨባው ደመቀ። የተዘቀዘቀ ነጠላ የለበሱ ሙሽሮችም መጡ፣ ፎቶው ላይ ያላየሁት ነገር ጉንጫቸው ላይ የተሳለ እንባ ነበር። በቀለም የተሠራ እንባ። አጠገቤ ያሉ አንዲት ወይዘሮ እንዴት ያምራል አሉኝ።

ሙዚቃው ቆመ፣ አንድ መብራት ብቻ ቀረ። አንዲት ልጅ እግሯን እየጎተተች፣ ቁርጭምጭሚቷ ስለታሰረ እየተንገዳገደች ወጣች። አገጯ በነጭ ጨርቅ ወደ ላይ ታስሯል። ሁለቱ የእጅ አውራ ጣቶቿ በክር ተቆራኝተዋል። ሬሳ ሲገነዝ ያየ ሰው ያውቀዋል። ጨርቁ ደረቷ ግማሽ ድረስ ብቻ ይሸፍናታል፣ ከታች ጭኗ ላይ ተቆርጧል፣ ጎኗ እስከ ወገቧ ተሰንጥቋል። ወገቧ ላይ ሰማያዊዋን መስቀል አየኋት።

ከኋላ አንድ አዛውንት አማትበው ተነሥተው ሲወጡ የወንበራቸውን ድምፅ ሰማሁ። እኔ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። ዲዛይነሩ ድምፅ ማጉያ ይዞ ወጣ። ስብስቡ ግንዘት እንደሚባል፣ ሞትንም ማስዋብ እንደሚቻል ተናገረ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ይህን ጨርቅ በእጃቸው የፈተሉት እናት ዛሬ በመካከላችን የሉም። ነፍሳቸውን ይማር» አለ።

አዳራሹ በሙሉ ይማር አለ። እንዲህ ያለ ነገር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ትናንት እግራቸውን ሁለት ጊዜ የሳማቸውን ሴት፣ ደምበጫ አጠገብ ቁጭ ብለው ጨርቃቸውን የሚጠብቁትን ሴት፣ ጭብጨባው እንዲደምቅለት በቁማቸው ቀበራቸው። መቼ እንደተነሣሁ አላውቅም። መድረኩ ላይ ራሴን አገኘሁት።

«አልሞቱም» አልኩ፤ ድምፅ ማጉያው ስለያዘው አዳራሹ በሙሉ ሰማው። «አክስቴ ናቸው። በሕይወት አሉ። ይኼ የገዛ መግነዛቸው ነው፣ እንዳይቆረጥ ብለው ነው ያዋሱት።»

የሳቀ ሰው ነበር፣ የትርዒቱ አካል መስሎት። ዲዛይነሩ እየሳቀ ክንዴን ይዞ ወደ መጋረጃው ጀርባ ወሰደኝ። እዚያ ስንደርስ ሳቁ ጠፋ። አሳፈርሽኝ አለ። ለምን ቆረጥከው አልኩት። እስከዚያች ሰዓት እርስዎ ነበር የምለው፣ አፌ ራሱ ነው የቀየረው።

«ጨርቅ ልብስ የሚሆነው ሲቆረጥ ነው» አለኝ። «አንቺም ሰፊ ነሽ፣ ይኼ ይጠፋሻል? አምስት መግነዝ እገዛላቸዋለሁ።»

«አንተ ልብስ አታውቅም» አልኩት። «ሬሳ ገፍፈህ ነው የምታለብሰው፣ ያውም ገና ያልሞተ።»

ልጅቷ አጠገባችን ቆማ ትሰማ ነበር። ለዚያ ቀን ብቻ የተቀጠረች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። አገጯ ስለታሰረ በደንብ መናገር አልቻለችም፤ የእውነት መግነዝ ነው እንዴ አለችኝ በተያዘ አፍ። አዎ አልኳት። አውራ ጣቶቿን ልታላቅቅ ብትታገል ክሩ ጠበቀ። በጥርሴ በጠስኩላት። ነጠላዬን አልብሻት ጨርቁን አወለቀችልኝ። የተቆረጠው ቁራጭ መቀሱ ካለበት ጠረጴዛ ሥር ከቡና ስኒና ከሙዝ ልጣጭ ጋር ወድቆ ነበር። አንሥቼ ወጣሁ። ሊዲያ በሩ ላይ አልከለከለችኝም፣ ስልኳን እያየች ነበር።

አሁን የራሴን ጉድ ልናገር። በቀጥታ ደምበጫ ሄጄ እንዲህ ሆነ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ሱቄን ከፈትኩና ጀርባዬን ለመንገዱ ሰጥቼ መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ። እትዬ ዓይናቸው አያይም፣ አሳምሬ ከሰፋሁት አያውቁም ብዬ አሰብኩ። ካሉኝ ክሮች ሁሉ ጠንካራውን፣ ነጩንና ቀጭኑን መረጥኩ። ቁራጩን ገጠምኩ፣ ስንጥቁን ዘጋሁ። ከዚያ የተሻለ ስፌት በሕይወቴ አልሰፋሁም። ተኩሼ አጠፍኩትና ደስ አለኝ፤ እግዜር ይይልኝ፣ ደስ አለኝ።

ሰኞ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄድኩ። እትዬ ሣጥኑ አጠገብ ነበሩ። ጨርቁን ጭናቸው ላይ ዘርግተው እንደ ልጅ ፊት ከላይ ወደ ታች ዳሰሱት። ጣታቸው መስቀሏን አገኘ፣ አለፈ፣ ወረደ። ቆመ።

«ይኸ ምንድነው?»

ጠርዙ ነው አልኳቸው። ምላጭ አምጭልኝ አሉ። ስፌቱን በጥፍራቸው ፈልገው፣ በምላጩ ጫፍ ነክተው፣ አንድ ክንድ ያህል ክር መዘዙ። ክሩን ወደ ምድጃው ይዘው ፍሙ ላይ ጫፉን አስነኩት። ጥጥ ቢሆን ቦግ ብሎ አመድ ይሆናል። የእኔ ክር ተኮማተረ፣ ቀለጠ፣ ጥቁር ጠብታ ሆኖ ደረቀ። ቤቱ የፕላስቲክ ሽታ ሸተተ። እትዬ የደረቀችውን ጠብታ በሁለት ጣታቸው መሀል አሽተው አሽተው እምቢ አለቻቸው።

«ይኸ አፈር አይሆንም» አሉ። «እኔ አፈር ስሆን የአንች ክር ብቻውን ይቀራል። ጌታዬ ሲጠራኝ ይኸን አንጠልጥየ ልነሣ?»

ያኔ ሁሉንም ነገርኳቸው። በገናውን፣ የልጅቷን ጣት፣ ነፍስ ይማሩን ሳይቀር። እሱን ሰደብኩት፣ ረገምኩት፣ ከዓይን አውጣነቱ እስከ ውሸት ጥበቡ ድረስ ዘረዘርኩት። እትዬ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«እሱስ ባዳ ነው» አሉ። «አንችን ምን ነካሽ?»

ጥፊ ቢሆን በተሻለኝ። ያን ዕለት ደብረ ማርቆስ አልተመለስኩም። እትዬ ስፌቱን ራሳቸው ተረትረው ጨረሱና እንዝርት እጄ ላይ አስቀመጡ። በፈታይ ሴት እጅ አድጌ መፍተል አላውቅም ነበር፤ ልጅ ሳለሁ ሊያስተምሩኝ ሲሉ መኪና እያለ ማን ይፈትላል ብዬ እሸሽ ነበር። ባዘቶውን፣ የተነደፈውን ጥጥ፣ ሰጥተውኝ ቁጭ አሉ። የመጀመሪያውን ክሬን ዳስሰው ይኸ ገመድ ነው፣ በሬ እሰሪበት ብለው ጣሉት። ሁለተኛውንም ጣሉት። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ክር ወስደው ጣታቸው ላይ ጠመጠሙ፣ ጎተቱት፣ አልተበጠሰም። በይ በዚህ ስፊው አሉ። በእጄ ሰፋሁት። ጎርበጥባጣ ነው፣ ከሩቅ ይታያል። እሳቸው ግን ዳስሰው አጠፉት።

ትርዒቱን የቀረጸ ሰው ነበርና ቪዲዮው ወጣ። ዲዛይነሩ ባህላችን ወደፊት እንዳይራመድ የሚፈሩ ሰዎች አሉ ብሎ ጻፈ። የእትዬን ፎቶ ግን አላወረደም፤ እግራቸው ላይ ወድቆ የሳመበት ዛሬም ገጹ ላይ አለ፣ ከሥሩ «ለእናታችን መታሰቢያ» ይላል። እኔ በከተማው ጀግና ሆንኩ። ደንበኞቼ ሌባ ያስጣለች እያሉ ለሌላ ሰው ያሳዩኝ ነበር። ሰርቆ ነው የወሰደው ሲሉ አላረምኳቸውም። ቆይቼ ራሴም ሰርቆ ማለት ጀመርኩ።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ የዚህን ሰው ልብስ አትግዙ ልል አይደለም የጻፍኩት። ግዙ፣ ገንዘባችሁ ነው። ግን ከመግዛታችሁ በፊት ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ። ጥበብ ከሆነ ከኋላም ጥበብ ነው። «ክብር ለእጆቻችሁ» የሚላችሁን ደግሞ የማንን እጅ፣ ስማቸው ማን ነው ብላችሁ ጠይቁት። አንድ ስም አይነግራችሁም። የሚያስጠላኝ ሰውየው ብቻ አይደለም፤ የሚያጨበጭቡለት እጆች ናቸው፣ ከእነሱ ውስጥ ደግሞ የእኔ ሁለቱ ነበሩ። ሱቄ ውስጥ ዛሬም የፖሊስተር ክር አለ፣ አልዋሻችሁም፤ ደንበኛ ርካሽ ይፈልጋል። ግን ፖሊስተር ነው ብዬ ነው የምሸጠው። በዓመት አራት አምስት ሰዎች አይጥ ወይም ብል የነካውን መግነዝ ጣፊልን ብለው ይመጣሉ። ለእነሱ በራሴ እጅ የፈተልኩትን ብቻ እጠቀማለሁ፣ ዋጋ አልጠይቅም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር።

እትዬ ክረምቱን አላየውም እንዳሉት አልሆነም። እስከ ሐምሌ አጋማሽ አዩት። አንድ ጠዋት ዝናቡ እየዘነበ እንደተኙ ቀሩ። ደርሼ ስገባ የጎረቤት ሴቶች አጥበዋቸው ጨርሰዋል። ከሁሉም አንጋፋዋ እማማ ስንዱ መግነዙን ዘርግተው ሊገንዙ ሲሉ እጃቸው ስፌቱ ላይ ቆመ። ይህን ያህል ሬሳ ስገንዝ መግነዝ ላይ ስፌት አይቼ አላውቅም፣ ማነው የቆረጠው አሉ።

ቪዲዮውን ያየች አንዲት ጎረቤት ቀድማ መለሰችላቸው። ያ የአዲስ አበባው ሌባ ነው የቆረጠው፣ ይቺው ልጅ ናት ያስጣለችው አለች። ሴቶቹ ሁሉ ዞረው በፍቅር አዩኝ። አንዷ የታደልሽ አለችኝ። ዝም ብል ያልቅ ነበር፤ የእትዬ ፊት ገና አልተሸፈነም።

«አልሰረቀም» አልኩ። «እኔ ነኝ ለምኜ ተቀብዬ የሰጠሁት። እሳቸው እንቢ ብለው ነበር።»

የታደልሽ ያለችኝ ሴት ዓይኗን ከእኔ ላይ አነሣች። እማማ ስንዱ ጨርቁን እንደያዙ ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ፣ እንዲቆጡም ፈለግሁ።

«ስፌቱስ የማን ነው?» አሉ።

«የእኔ።»

«በይ ነይ» አሉኝ። «ይኸን ጎን አንች ያዥ።»

ተንበርክኬ ያዝኩ፣ አብረን ገነዝናቸው።